ድርሻችን በማን ቁና ይሰፈራል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ደላንታ ውስጥ በመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎቹ የሚሰጠውን የልማት ገንዘብ አሠራር በቅርብ ዓመታት ሊለውጥ ነው ሲባል ሰማሁ። በእኛ ወረዳ በጀት ሲመጣ ደመወዝ ተከፍሎበት ያልቃል። እንደዚያ ያለ ገንዘብ ለወሎ ሊታሰብ ይችላል? ወይስ የሀብታም አገር ጉዳይ ነው?»

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ደቡብ ወሎ ውስጥ በዞንና በወረዳ ደረጃ በበጀትና በዕቅድ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህም የማጠናውና የማስተምረው ይህንኑ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሊታሰብ ይችላል፤ የሀብታም አገር ጉዳይም አይደለም። ሰው አውሮፓን ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በገንዘቡ ብዛት ላይ ነው። እርስዎ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ግን ገንዘቡ የሚሰፈርበትን ቁና ነው። የወሎ ጉዳት ከብር ማነስ ይልቅ ከቁናው ስፋት ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

በመጀመሪያ የአውሮፓውን ነገር እናጥራ። (የአውሮፓን ዓመታት በእነርሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የሮማ ስምምነት በ1957 ሲፈረም በመግቢያው ላይ በክልሎች መካከል ያለውን ልዩነት የማጥበብ ሐሳብ ሰፍሮ ነበር። ለሐሳቡ ገንዘብ የተገኘለት ግን አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1975 የክልሎች ልማት ፈንድ ሲቋቋም ነው። በ1988 ዣክ ደሎር የኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ ደግሞ አሠራሩ እንደ አዲስ ተበጀ። ገንዘቡ ለብዙ ዓመት አስቀድሞ ይታቀድ፤ አገሮች ራሳቸው ሊያወጡት የሚገባውን ወጪ አይተካ፣ በላዩ ላይ ይጨመር፤ የክልል አስተዳደሮችም ዕቅዱን አብረው ያውጡ ተባለ። ዛሬ ኮሄዥን የሚባለው፣ በእኛ ቋንቋ የማቀራረብ ፖሊሲ ልንለው የምንችለው፣ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። ከ2021 እስከ 2027 ላሉት ዓመታት 392 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ተይዞለታል፤ ይህም የኅብረቱን በጀት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

ድርሻው የሚወሰነው እንዲህ ነው። የአንድ ክልል የነፍስ ወከፍ ምርት ከኅብረቱ አማካይ 75 በመቶ በታች ከሆነ ክልሉ «ያላደገ» ተብሎ ትልቁን ድጋፍ ያገኛል፤ ከአንድ ፕሮጀክት ወጪ እስከ 85 በመቶ ድረስ ከጋራው ካዝና ሊሸፈንለት ይችላል። ከ75 እስከ 100 በመቶ ያለው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ትንሽ ያገኛል። ዋናው ቁም ነገር ግን «ክልል» የሚሉት ምንን እንደሆነ ነው። ለዚህ መለኪያ የሚጠቀሙበት ክልል በመመሪያቸው መሠረት ከ800 ሺህ እስከ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው አካባቢ ነው። አገር በአማካዩ ስለደላው ብቻ በውስጡ ያለው ድሃ ጥግ እንዳይረሳ ቁናውን ሆን ብለው አሳነሱት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደቡብ ወሎ 2.5 ሚሊዮን፣ ሰሜን ወሎ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራቸው። በአውሮፓ ቁና ቢሰፈር እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ሙሉ ክልል ሆነው ድህነታቸው በራሳቸው ስም በተመዘገበ ነበር። የአማራ ክልል ግን በዚያው ቆጠራ ከ17 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ይህ ቁጥር ብቻውን ከአብዛኞቹ የኅብረቱ አባል አገሮች ሕዝብ ይበልጣል። የፌዴራሉ ድጎማ ቀመር የሚያውቀው ይህን ትልቁን ስም ነው። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ፣ የጎንደር ሰሊጥ፣ የባሕር ዳር ንግድ፣ የላስታ ድንጋይና የደላንታ ገደል በአንድ ቁና ተደባልቀው ይሰፈራሉ። አማካዩ ሲወጣ የሳይንትና የቡግና ድህነት አይታይም፤ የሌላው ምርት ይሸፍነዋል።

ሕጉ ይህን አልፈለገም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 መንግሥት ሀብት በፍትሐዊ መንገድ እንዲከፋፈል የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በእድገት ወደ ኋላ ለቀሩትም ልዩ ድጋፍ ያዛል። አንቀጽ 94 የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው የልማት እርዳታና ብድር የክልሎችን የተመጣጠነ እድገት የሚያሰናክል እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ቀመሩን የመወሰን ሥልጣን በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከተለው መርህ በራሱ ጤነኛ ነው፦ የክልሉ የወጪ ፍላጎት ይሰላል፣ የገቢ አቅሙ ይቀነሳል፣ ክፍተቱ በድጎማ ይሞላል። ስሌቱ ግን ክልል ላይ ይቆማል። ልዩ ድጋፉም ቢሆን አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ በሚል በክልል ስም ይሄዳል። ለእነርሱ መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ ከእነርሱ ላይ ይወሰድ የሚል ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን ዋግ ኽምራ ውስጥ ያለች እናት ውኃ ለመቅዳት የምትሄደው መንገድ በአፋር ካለችው እናት መንገድ የማያጥር ከሆነ፣ ክልሏ «ታዳጊ» የሚል ስም ስለሌለው ብቻ ለምን ከስሌቱ እንደምትወጣ ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው። ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ወረዳዎች የተመረጡት በቀደሙት ዓመታት በተደጋጋሚ የምግብ እርዳታ መቀበላቸው ታይቶ ነው። ወሎ ውስጥ ያሉ ብዙ ወረዳዎች በዚያ መንገድ ገቡ። እርከኑ፣ ኩሬው፣ ከቀበሌ ቀበሌ የሚያገናኘው ጥርጊያ መንገድ፣ ብዙው የተሠራው በዚያ ገንዘብና በዚያ ሕዝብ ጉልበት ነው። እንግዲህ በወረዳ ደረጃ መለካት አይቻልም የሚል ሰው ካለ ሃያ ዓመት ሙሉ ስንለካ ኖረናል። ረሃባችን በወረዳ ይለካል፤ መንገድ፣ መብራትና ፋብሪካ የምናገኝበት ዕድል ግን በክልል ይለካል። ለእርዳታ ያነሰው ቁና ለልማትም ሊያንስ ይችላል።

«ታዲያ ገንዘቡ አለ ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ከጸደቁት በጀቶች ላይ እንይ። በ2011 ዓ.ም. የፌዴራሉ በጀት 346.9 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ከዚህ 135.6 ቢሊዮኑ ለክልሎች ድጎማ ነበር። ከእያንዳንዱ ብር 39 ሳንቲም ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የጸደቀው በጀት 971.2 ቢሊዮን ሲሆን ለክልሎች የተያዘው 222.7 ቢሊዮን ነበር፤ 23 ሳንቲም። በ2018 በጀቱ 1.93 ትሪሊዮን ሲደርስ የክልሎች ድጎማ ወደ 315 ቢሊዮን ሆነ፤ 16 ሳንቲም። ብሩ በቁጥር አድጓል፣ ድርሻው ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። የዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የሚባለውን፣ ቀድሞ የሚሊኒየም ግቦች የሚባለውን ገንዘብ ደግሞ ይመልከቱ፤ ከፌዴራሉ ለክልሎች ካፒታል ሥራ፣ ማለትም ለግንባታና ለመሳሰለው፣ ተለይቶ የሚሰጠው ይህ ነው። በ2005 ዓ.ም. 20 ቢሊዮን ብር ነበር፣ በ2018 ደግሞ 14 ቢሊዮን ነው። የያኔው በዶላር ቢመነዘር አንድ ቢሊዮን ገደማ ይሆን ነበር፤ የአሁኑ የዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ የዕዳ ክፍያውና ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመጣው የዋጋ ጫና ማዕከሉን አጨናንቆታል። ሆኖም እርስዎ በወረዳዎ የሚያዩት «ደመወዝ ተከፍሎ ያልቃል» የሚለው ነገር የወረዳዎ ስንፍና አለመሆኑን እነዚህ ቁጥሮች ይነግሩዎታል። ወረዳዎች በ1994 ዓ.ም. የራሳቸውን ጥቅል ድጎማ ማስተዳደር ሲጀምሩ መምህሩን፣ የጤና ባለሙያውንና የልማት ሠራተኛውን ተረከቡ። ሠራተኛው በዛ፣ ይህም መልካም ነበር፤ ሠራተኛው የሚሠራበት መሣሪያ ግን አልተከተለውም።

ስለ ውጭ እርዳታ ብዙ አልልም። የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. መዘጋቱ ብቻውን በሰው ኪስ ላይ ዕቅድ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል አሳይቶናል።

ስለዚህ በቅርብ ዓመታት ድጎማው በእጅጉ ያድጋል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልደፍርም። የማየው ተስፋ ከአሠራር የሚመጣውን ነው፤ አሠራር መለወጥ ከገንዘብ ማግኘት ይረክሳል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የጊዜውን ነገር ላንሳ፤ በሥራ ላይ ሳለሁ እንደዚህ ያንገበገበኝ ነገር የለም።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ክረምቱ በርትቶ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ቀን። የክልሉ ምክር ቤት ያጸድቃል፣ ወረዳው የበጀት ጣሪያው ይነገረዋል፣ የወረዳው ምክር ቤት ተሰብስቦ ያጸድቃል። ከዚያ ጨረታ ይወጣል፣ ይከፈታል፣ ይገመገማል፣ ቅሬታ ይሰማል። ውል ሲፈረም ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ገብቷል። በሌላው አካባቢ ከዚህ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ረጅም ደረቅ ወቅት አለ። በወሎ ደጋ ግን በልግ አለ። ለጋምቦ፣ ደላንታ፣ መቄት፣ ዋድላ፣ ሰው ጥር ላይ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ በልጉ ከዘነበ ገበሬው በደስታ ገብሱን ይዘራል፣ የተቋራጩ መኪና ደግሞ ጭቃ ውስጥ ይቆማል። ለግንባታ የተረፉት ንጹሕ ወራት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰኔ 30 ይደርሳል። ያልተከፈለው ገንዘብ ይመለሳል።

በአንድ ደጋ ወረዳ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ቆሞ፣ ጣሪያ ሳይለብስ ሰኔ 30 ሲደርስ አይቻለሁ። ቆርቆሮው ተገዝቶ መጋዘን ነበር፤ የቀረው የአናጢ ክፍያና የማጓጓዣ ብቻ ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቅድሚያው ለሌላ ሥራ ተሰጠ፣ በዓመቱም እንደዚያው። ሁለት ክረምት በብሎኬቱ ላይ ዘነበ። በሦስተኛው ዓመት ሄጄ ግድግዳውን በእጄ ስነካው እንደ አፈር ይረግፍ ነበር። ማንም ገንዘብ አልበላም፤ ሁሉም ሕጉን ጠብቋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ከዚያ ቀበሌ በቃሬዛ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ የተሸከሟት የቅሬዋ፣ ማለትም የእድሯ፣ ሰዎች ነበሩ። የተመለሰውን ገንዘብ የሚያሳየውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

አውሮፓዎቹ ለዚህ ያበጁት መፍትሔ ብልኃት እንጂ ብር አልጠየቀም። የማቀራረቡ ገንዘብ ለሰባት ዓመት ይታቀዳል። በአንድ ዓመት የተመደበውን እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ ሠርቶ ማወራረድ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ይመለሳል። የሚያስተጋ ገደብ አለ፣ ግን ክረምትና በልግ የሚያልፉበት ገደብ ነው። አንድ ክልል ለካፒታል ሥራ ብቻ ሰኔ 30 ላይ ሳይመለስ ለሦስት ዓመት የሚንከባለል ሒሳብ ይከፈት ቢል፣ ያንን ጤና ጣቢያ ለማዳን አንድ ተጨማሪ ብር አያስፈልገውም ነበር።

በሌላ በኩል አውሮፓ የወደቀበትንም ማወቅ ይገባል፤ ከሰው ስህተት መማር ርካሽ ነው። ጣሊያን ደቡቧን ከሰሜኗ ለማስተካከል በ1950 ካሳ ፔር ኢል ሜዞጆርኖ የሚባል ትልቅ ፈንድ አቋቁማ እስከ 1984 አሠራችው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ነበሩ፤ ረግረግ ተደፈነ፣ ውኃ በቧንቧ ሄደ፣ መንገድ ተሠራ። ከዚያ ማዕከሉ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ከላይ ማውረድ ጀመረ፤ የታራንቶው የብረት ፋብሪካ አንዱ ነው። በዙሪያቸው ያለው አነስተኛ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ከፋብሪካዎቹ ጋር የሚያገናኘው ክር አልነበረም። ጣሊያኖች ራሳቸው «የበረሃ ካቴድራል» ብለው ጠሯቸው። ዛሬም የደቡቡ የነፍስ ወከፍ ምርት ከሰሜንና ከመካከለኛው ጣሊያን ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ኮምቦልቻ ትታየኛለች። ኮምቦልቻ በረሃ አይደለችም፤ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የቆዳ ፋብሪካ ያላት፣ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የምታይ የሠራተኛ ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ75 ሄክታር ላይ ተመርቆ ሲከፈት ደስ ያላለው ወሎዬ አልነበረም፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የባቡር መስመርም በ2007 ዓ.ም. በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ተጀምሮ ነበር። ሐዲዱ በብዛት ተዘርግቶ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ጦርነቱ ደረሰ። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ተያዙ፤ ፋብሪካው፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ። በታኅሣሥ ላይ ደግሞ አገሪቱ ከአጎዋ የአሜሪካ ገበያ ዕድል ወጣች። ይህን ሁሉ በአካባቢ ፖሊሲ ጉድለት ላይ አልጭንም። የምለው እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች በፌዴራል ተወስነው፣ በፌዴራል ተበድረው ሲመጡ፣ በአቅራቢያው ያሉት የቃሉ፣ የተሁለደሬና የወረባቦ ወረዳዎች ጥሬ ዕቃ የሚያቀርቡበት፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥኑበት፣ ቤት የሚሠሩበት አንድም የተመደበ ገንዘብ አልነበራቸውም ነው። ፓርኩና ገጠሩ እየተያዩ ሳይነጋገሩ ኖሩ።

የፖላንድ ታሪክ ሌላ ትምህርት አለው። በ2004 ኅብረቱን ስትቀላቀል የነፍስ ወከፍ ምርቷ በመግዛት አቅም ሲለካ ከአማካዩ ግማሽ ገደማ ነበር፤ ዛሬ አራት አምስተኛ አካባቢ ደርሷል። የማቀራረቡ ገንዘብ በዚህ እጁ አለበት። ግን ዋርሶ ከአውሮፓ አማካይ በላይ ስትወጣ የምሥራቁ ክልሎች ኋላ ቀርተዋል። አገር ከአገር ሲቀራረብ በአገሩ ውስጥ ያለው ርቀት ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ቁናውን ያነሳሁት።

አሁን ወደ ሰሙት ዜና ልምጣ። ኮሚሽኑ በሐምሌ 2017 በእኛ አቆጣጠር ያቀረበው ረቂቅ ከ2028 እስከ 2034 ላሉት ዓመታት ጠቅላላ በጀቱን ወደ 2 ትሪሊዮን ዩሮ ያደርሰዋል። አዲሱ ነገር የግብርናውን ድጋፍና የማቀራረቡን ገንዘብ በአንድ ጆንያ ከትቶ፣ ለእያንዳንዱ አገር አንድ ዕቅድ ማድረጉ ነው፤ ለዚህ ወደ 865 ቢሊዮን ዩሮ ታስቧል። ክፍያውም ደረሰኝ እየተቆጠረ መሆኑ ቀርቶ የተስማሙበት ውጤት ሲታይ እንዲሆን ነው፤ ይህ ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በተቋቋመው የማገገሚያ ፈንድ የተሞከረ አሠራር ነው። የክልልና የከተማ አስተዳደሮች ወዲያው ተቃወሙ። ዕቅዱ በዋና ከተማ የሚወጣ ከሆነ እኛ ተመልካች እንሆናለን አሉ። ረቂቁ እንዲጸድቅ የአባል አገሮች ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል።

እኔ በአንዱ ከኮሚሽኑ፣ በአንዱ ከክልሎቹ ጋር ነኝ። በውጤት መክፈል ትክክል ነው። ለጤና ጣቢያው ጣሪያ ደረሰኝ ከሚቆጠር ሕመምተኛ መታከሙ ቢቆጠር ስንቱን ባዳንን ነበር። ዕቅዱን ወደ ማዕከል መሰብሰብ ግን ስህተት ነው፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፣ ቆራሹ የተቀመጠበት ከተማ ድርሻ ሲያንስ አላየንም። ለእኛም ፈተናው ይህ ነው። በክልሉ ሕገ መንግሥት የዋግ ኽምራ፣ የአዊና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ደቡብና ሰሜን ወሎ ግን ሚሊዮኖችን ይዘው የተመረጠ ምክር ቤት የሌላቸው፣ የክልሉ ክንድ የሆኑ ዞኖች ናቸው። ከወረዳ የሚሰፋ ሥራ፣ ለምሳሌ ሦስት ወረዳ የሚያቋርጥ መንገድ ወይም የጋራ ገበያ፣ የሚመክርበት የሕዝብ ተወካይ የለውም። በአውሮፓ ቁና ትክክለኛው መጠን በሆነበት ቦታ ላይ እኛ ዘንድ ባዶ ወንበር አለ።

አንድ ተቃውሞ አስቀድሜ ልመልስ፤ በስብሰባ ሁሉ ይነሳል። ቁናው ባነሰ ቁጥር እያንዳንዱ ወረዳ «ድሃው እኔ ነኝ» ይላል፣ የወሰንና የመዋቅር ጥያቄ ይበዛል ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው። ግን መለካት ወሰን ማካለል አይደለም። ከአስፋልት ያለው ርቀት፣ ንጹሕ ውኃ የሚያገኘው ሰው ብዛት፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ተማሪ ቁጥር፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በልግ የከሸፈባቸው ዓመታት፣ ይህ ሁሉ ማንም ሊያየው በሚችል ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ክርክሩ ከስሜት ወደ ቁጥር ይወርዳል። ተደብቆ የሚሰላ ቀመር ነው ሰውን የሚያቃቅረው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? የሰው ጉዳይ ስለሆነ ነው። የቀድሞ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንሪኮ ሌታ በ2024 ለኅብረቱ ባቀረቡት ሪፖርት «ባሉበት የመቆየት ነፃነት» የሚል ሐሳብ አነሱ፤ ሰው የመሄድ መብት እንዳለው ሁሉ ሳይገደድ በተወለደበት የመኖር ዕድልም ይኑረው ነው ነገሩ። ይህን ከወሎ ሰው በላይ የሚረዳው የለም። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ መንግሥት ለችግራችን የሰጠው መልስ ሰውን ማንሳት ነበር፤ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ ሲሰፍር ትልቁ ቁጥር ከወሎ የሄደ ነበር። ስንቶቹ በመንገድና በወባ እንደቀሩ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ደግሞ ማንም ሳያሰፍራቸው ልጆቻችን በባቲ ወርደው፣ አፋርን አቋርጠው፣ ከጅቡቲ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመንና ሳዑዲ ይሄዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከመካከላቸው ተመልሰው የሄዱም አሉ። ለአንድ አካባቢ የሚመደብ ገንዘብ ሥራውን መሥራቱን የማውቅበት ምልክት አንድ ብቻ ነው፦ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ደላላውን «አልሄድም፣ እዚህ ሥራ አለኝ» ማለት ስትችል።

ይህን የምጽፈው ክልሉ ገና ሰላም ባላገኘበት ጊዜ መሆኑን አልዘነጋሁም። መንገድ በተዘጋበት ቀመር አይሠራም። ሆኖም ሰላም ሲመጣ ገንዘብ በፍጥነት ይመጣል፣ በፍጥነት የመጣ ገንዘብ ደግሞ ወደ ተዘጋጀው ይሄዳል። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. በግጭት ለተጎዱ ማኅበረሰቦች 300 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ ምን መሠራት እንዳለበት አስቀድመው ጽፈው ያዘጋጁ ወረዳዎች ጥቂት ነበሩ።

ስለዚህ ከእርስዎ ወረዳ ልጀምር። ደላንታ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በፀሐይ መውጫ አካባቢ የተገኘው ኦፓል አለው። ወጣቱ ከገደሉ ውስጥ ዋሻ እየቆፈረ፣ ዋሻው እየተናደበት ያወጣዋል፤ ድንጋዩ በብዛት ጥሬውን ወጥቶ ሕንድ አገር ተቆርጦ ይወለወላል። ወረዳው ከዚህ ገቢ ቢሰበስብ እንኳ ሊሰበስብ የሚታቀደው ገቢ ከድጎማው ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ለመትጋት የሚገፋው ነገር ትንሽ ነው። ይህ ደንብ ይሻሻል ዘንድ፣ ቢያንስ ከማዕድን የሚመጣው ገቢ ለአምስት ዓመት ሳይቀነስ ለካፒታል ሥራ ይቆይ ብሎ የወረዳው ምክር ቤት ለክልሉ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም። ዋሻ የሚያጸና እንጨትና ብረት፣ አንድ የመቁረጫና የመወልወያ ማሠልጠኛ፣ ሰባና ሰማንያ ልጅ የሚሠራበት ቤት፣ ይህ ከዳውንትና ከዋድላ ጋር በጋራ ሊታቀድ የሚችል ሥራ ነው።

ይህንን ለመጀመር የሚያስፈልግዎት አንድ ሠንጠረዥ ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት ወረዳው የጀመራቸውን የካፒታል ሥራዎች በሙሉ ይዘርዝሩ። በየአንዳንዳቸው ፊት የተመደበውን ገንዘብ፣ ውል የተፈረመበትን ወር፣ ሰኔ 30 ላይ የተመለሰውን ገንዘብና ሥራው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ይጻፉ። መጨረሻ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፦ በዚያ ዓመት በልግ ዘንቦ ነበር ወይስ አልዘነበም። ከሁለት አጎራባች ወረዳዎች ያሉ የሥራ ባልደረቦችዎም እንዲሁ ቢያደርጉ የሦስቱን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ለክልሉ ምክር ቤት የበጀት ቋሚ ኮሚቴ ሊቀርብ በሚችል መልክ አብሬዎት ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ። የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥሪ ከመምጣቱ በፊት፣ እስከ ጥር መጨረሻ ቢደርስልኝ ጊዜ ይኖረናል።